«ከፊል አትክልት ተመጋቢ» የሚለው ስም ጅማ ሲደርስ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከአዲስ አበባ ለሥራ ከመጣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለች አነስተኛ ምግብ ቤት ምሳ ልንበላ ገባን። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትል ወጣቱ «እኔ ሥጋ አልበላም፤ ማለቴ ሁልጊዜ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ነው» አላት። ልጅቱ ትንሽ አመነታችና «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፤ የጾም አልሠራንም» ስትል መለሰች፤ ነገሩን ልታቀልለት ፈልጋም «ሽሮ አለ፣ ግን ቅቤ ገብቶበታል» ብላ ጨመረች። ቅቤ ምንም ችግር እንደሌለበት ሲነግራት የባሰውን ግራ ገባት። ሥጋ የማይበላ፣ ቅቤ ግን የሚበላ፣ ያውም በፍስክ ቀን፤ እሷ ዘንድ እንዲህ ላለ ሰው የተዘጋጀ ስም አልነበረም። በማግስቱ ረቡዕ ወደዚያችው ቤት ስንመለስ ገና ሳንቀመጥ «ዛሬማ ለአንተም አለ ወንድሜ» አለችውና በያይነቱ አቀረበችለት። በእሷ ግምት ሰውየው ማክሰኞ የበላ፣ ረቡዕ የጾመ ነው። በራሱ ሒሳብ ግን ሁለቱንም ቀን በስሙ ጸንቷል።

ወጣቱ ራሱን የሚጠራበት ስም በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ከሃያ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ፍሌክሲቴሪያን ይሉታል፤ በአማርኛ «ከፊል አትክልት ተመጋቢ» ልንለው እንችላለን። ሥጋን ጨርሶ ያልተወ፣ ነገር ግን አስቦበት የቀነሰ ሰው ማለት ነው። ስሙ ከማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በከተሞቻችን ወጣቶች አፍ መግባት ጀምሯል፤ ቬጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ)፣ ቬጂቴሪያን (ሥጋና ዓሣ የማይበላ)፣ ፔስካቴሪያን (ሥጋ ትቶ ዓሣ የሚበላ) የሚሉ ዘመዶቹም አብረውት መጥተዋል። አዲስ ቃል መምጣቱ በራሱ የሚያስከፋ ነገር የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ እነዚህ ስሞች ሁሉ፣ የእኛው «የጾም» የሚለውም ጭምር፣ ከገበታው ላይ ምን እንደቀረ ብቻ መናገራቸው ነው። ምን እንደቀረበ፣ ምን ያህል እንደተበላ፣ የበላው ሰው አካል ከዚያ ምን እንዳገኘ አይነግሩንም። እንደ ጅማ ባለ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ሁለትና ሦስት ዓይነት የአመጋገብ ሥርዓት ጎን ለጎን በሚኖርበት ከተማ ይህ ጉድለት ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

የስሞቹን አመጣጥ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በአውሮፓ ሥጋ የማይበላ ሰው አመጋገብ ለረጅም ዘመን ይጠራ የነበረው በጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ በፓይታጎራስ ስም ነው። ቬጂቴሪያን የሚለው ቃል የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1847 በእንግሊዝ አገር ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የቬጂቴሪያኖች ማኅበር ከተመሠረተ ወዲህ ነው። ማኅበሩ ሥጋን ሲከለክል የእንቁላልንና የወተትን ጉዳይ ለአባላቱ ምርጫ ተወው። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ይህ አካሄድ ያላረካቸው ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ተለይተው ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከቬጂቴሪያን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላት ገጣጥመውም ቬጋን የሚለውን ስም አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የአሜሪካ የዘዬ ጥናት ማኅበር ፍሌክሲቴሪያን የሚለውን ቃል የዓመቱ እጅግ ጠቃሚ ቃል አድርጎ መረጠው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሰኞ ሰኞ ሥጋ አለመብላትን የሚያበረታታ ዘመቻ ተጀመረ፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ የቆየ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአገሪቱ መንግሥት ለጦር ግንባር የሚላክ ስንቅ እንዳያጥር ሲል ሕዝቡ በሳምንት ውስጥ ቀን ለይቶ ከሥጋ እንዲታቀብ ጠይቆ ነበር።

በዚህ ታሪክ ሁሉ ስሙ የሚለጠፈው በሰውየው ላይ ነው። ሰው በራሱ ፈቃድ «እኔ እንዲህ ነኝ» ይላል፤ ከዚያም በቃሉ መገኘት ይኖርበታል፤ ካልተገኘ እንደ ሐሰተኛ ይታያል። ሆኖም ሰው ራሱን በሚጠራበት ስምና በሚበላው ምግብ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያካሄደው አገር አቀፍ የምግብ ጥናት ሲተነተን፣ ቬጂቴሪያን ነን ካሉት ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስለ ምግባቸው በተጠየቁባቸው ቀናት ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ በልተው ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ዋሽተዋል ለማለት አልደፍርም። ለእነሱ ስሙ የሚናገረው ስለ ትናንቱ ምሳ ሳይሆን መሆን ስለሚፈልጉት ሰው ነው። ከአሜሪካ ርቃ ያለችው ሕንድም ተመሳሳይ ነገር ታሳያለች፤ የፒው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውጤት ከአዋቂ ሕንዳውያን 39 በመቶው ቬጂቴሪያን ነን ሲሉ፣ 81 በመቶው ግን አንዳንድ የሥጋ ዓይነቶችን በመተው ወይም በተወሰኑ ቀናት ከሥጋ በመታቀብ ሥጋን በሆነ መንገድ ይገድባሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ሕዝብ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ከፊል አትክልት ተመጋቢ ሆኖ ሲኖር የኖረ ነው።

እኛም ከዚህ ስም አልባ ሕዝብ ወገን ነን፤ ነገር ግን የእኛ ቋንቋ ስሙን ያኖረው ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ «ጾም» እና «ፍስክ» ብሎ የሚለየው በመጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎም ወጡን ነው። «ዛሬ ጾም ነው»፣ «ይህ የጾም ነው»፣ «ያኛው ፍስክ ነው» እንላለን። ሰውየው በዚያ ቀን ላይ የሚያልፍ እንግዳ እንጂ ራሱ ስሙን ተሸክሞ የሚዞር አይደለም። የምግቡ ክልከላም ሥጋን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ስም የለውም፤ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ በአንድነት «ጥሉላት» ይባላሉ፤ ሲከለከሉም አብረው፣ ሲፈቀዱም አብረው ነው። አስተናጋጇን ግራ ያጋባትም ይኸው ነበር፤ ወጣቱ በእሷ ቋንቋ የማይነጣጠሉ ነገሮችን ነጥሎ አንዱን ጥሎ አንዱን አነሣ። ደግሞ «መግደፍ» የሚል ግስ አለን። ጾሙን ያልጠበቀ ሰው «ገደፈ» ይባላል፤ ከዚሁ ሥር የወጣው «ግድፈት» በጽሑፍ ውስጥ ለሚገኝ ስሕተትም ያገለግላል። ሰው የሚገድፈው ግዴታ ሲኖርበት ነውና ከፊል አትክልት ተመጋቢ የሚገድፈው ነገር የለውም። ሥጋ በበላበት ቀንም ስሙ አይፈርስም። ከጾም ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የምግብ ዝርዝሩ መመሳሰል ሊሸፍነው አይገባም።

ይህን የምለው ስለ ኢትዮጵያ ምግብ በሚወጡ ማስታወቂያዎች ውስጥ ጾም «የኢትዮጵያውያን ቬጋንነት» እየተባለ ሲቀርብ በተደጋጋሚ ስለማይ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሉ። ከእነዚህ መካከል ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ ተደምረው ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናሉ፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። ነገር ግን ጾም ከጥሉላት መከልከል ብቻ አይደለም፤ እስከ ተወሰነ ሰዓት ከእህል ከውኃ መታቀብ፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት አብረውት ይሄዳሉ። ጠዋት ቁርሱን በጾም ኬክ የጀመረ ሰው ቬጋኖች ዘንድ እንከን አይወጣለትም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ለሚጾም አማኝ ግን ጾሙ ገና ሳይጀመር ፈርሷል። ዓሣን በተመለከተም ምእመናኑ ራሳቸው አንድ አይደሉም፤ በጾም የሚበላው አለ፣ ከሥጋ ሳይለይ የሚተወውም አለ። ፔስካቴሪያን የሚለው ስም ይህን ክርክር ሊፈታው አይችልም፤ ክርክሩ ስለ ሥርዓት እንጂ ስለ ዓሣ አይደለምና።

ጅማ ላይ ሲደርስ «ጾም» የሚለው ቃል ራሱ ይሰነጠቃል። የአማርኛው ጾም፣ የዐረብኛው ሰውም፣ በኦሮምኛም ሶማ የሚባለው የአንድ ቃል ወንድማማቾች ናቸው፤ ከተማዋም ሦስቱንም በአንድ ቀን ትሰማለች። አብዛኛው የጅማ ዞን ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ የቆመባት ጂረን በእስልምና ትምህርት የቆየ ስም አላት። ሙስሊሙ በረመዳን «ጾመኛ ነኝ» ሲል ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ምንም አልቀምስም ማለቱ ነው፤ ሲያፈጥር ግን ሥጋም ወተትም አልተከለከለበትም። ኦርቶዶክሳዊው በዐቢይ ጾም ያንኑ ቃል ሲናገር ከሰዓቱ በተጨማሪ የምግቡን ዓይነት ይለያል። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ጀምረው ነበር። ያን ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ባልደረቦች ሁለቱም ቀን ላይ ሳይበሉ ይውሉ ነበር፤ ሁለቱም ራሳቸውን የሚጠሩት ጾመኛ ብለው ነው፤ ማታ ግን አንደኛው ሾርባውን በሥጋ፣ ሌላኛው ሽሮውን በዘይት ይበላ ነበር። ሦስተኛው የቢሮ ጓደኛቸው ፕሮቴስታንት ቢሆን ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ከሁለቱም ይለያል። ጾም ሲይዝ በራሱ ወይም በምእመናኑ ስምምነት እንጂ በዐዋጅ አይደለም።

የሥጋ ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። በጅማም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አለመብላት የቆየ ልማድ ነው፤ ሥጋ ቤቶች በበራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ሥለው የሚቆሙትም ስለዚህ ነው። «የክርስቲያን ሥጋ» እና «የሙስሊም ሥጋ» ስንል ስሙ ስለ ከብቱም ሆነ ስለ ጤና የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ማን በማን ስም እንዳረደው ነው። በሰሜን ባሉ ብዙ ከተሞች ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ይዘጋል፤ ጅማ ግን የክርስቲያኖቹ ሲዘጉ የሙስሊሞቹ እንደተከፈቱ ይቀጥላሉ። በእምነቱ ጾሙ የማይመለከተው፣ በልማዱ ግን የሙስሊም ሥጋ የማይበላ ፕሮቴስታንት በእነዚያ ሁለት ወራት ሳይወድ አትክልት ተመጋቢ ሆኖ ሲከርም አይቻለሁ። ይህን ሰው በየትኛው ስም እንጥራው? ሥጋ አይበላም፤ ጾመኛ አይደለም፤ ሥጋን ለመቀነስም አላሰበም። ከሁለት ስሞች መካከል የወደቀ ሰው ነው።

የጾም ወጥ በጅማ ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ያለፈ አገልግሎት ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ለስብሰባ፣ ለዕድር ጉዳይ፣ ለልቅሶ ወይም ለተማሪ ምረቃ ሲሰባሰቡ፣ ሥጋ ከቀረበ ገበታው ለሁለት መከፈል አለበት፤ ለሙስሊሞቹ የሙስሊም አራጅ ይጠራል፣ ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ እንግዶቹም በሁለት ወገን ይቀመጣሉ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው በዘይት ከተሠራ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። በአንድ ሰፈር ስብሰባ ላይ ዓርብ ባልሆነ ቀን የጾም ምግብ ብቻ መቅረቡን አይቼ፣ ወጡን ያወጡትን ሙስሊም እናት ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ይሄኛው ማንንም አያስነሣም» አሉኝ። ማንንም ከተቀመጠበት ገበታ የማያስነሣ ምግብ! ሥጋ መተው በሌላው ዓለም ከእንስሳት መብት፣ ከጤና ወይም ከአየር ንብረት ጋር ተያይዞ ሲነሣ ይኖራል፤ ለጎረቤት ሲባል የሚተው ሥጋ መኖሩን ግን ከውጭ ከመጡት ስሞች አንዱም አይናገርም። በእኔ እምነት ከፊል አትክልት ተመጋቢነት በጅማ ሥር የሰደደበት ትክክለኛው ቦታ ይህ የጋራ ትሪ ነው፤ ሊከበርና ሊጠበቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ስም ለአብሳዩ የሚጠቅመው ምን መተው እንዳለበት ስለሚነግረው ነው። በዚህ ረገድ የእኛ «የጾም» በጣም ጠንካራ ምልክት ነው። ሕንድ ቬጂቴሪያን በሆኑ የታሸጉ ምግቦች ላይ አረንጓዴ ክብ ምልክት እንዲለጠፍ በሕግ ታስገድዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከዕፅዋት የተሠራ ነገር «ወተት» ተብሎ መሸጥ እንደሌለበት ወስኗል። እኛ ዘንድ «የጾም ወተት»፣ «የጾም ኬክ»፣ «የጾም ፒዛ» ሲባል ገዥው ይገባዋል፤ ሆኖም ጾመኛው የብስኩቱን ማሸጊያ አገላብጦ የወተት ዱቄት እንዳለበት ራሱ ይፈልጋል። የማያነበው ሰው የሻጩን ቃል ከማመን በቀር አማራጭ የለውም።

ለተመጋቢው አካል ግን ይህ ሁሉ በቂ አይደለም። «የጾም» የተባለ ምሳ አንድ ቀን ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ሱፍ ፍትፍት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቀን እንጀራ በቀጭን ሽሮ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ በስኳርና በዘይት የተሞላ ኬክ። ስሙ ሦስቱንም እኩል ያጸድቃል። ስለ ብረት ማዕድን የሚባለውን እንውሰድ። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን በምርመራ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ሰውነታችን እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረትም በሥጋ ውስጥ እንዳለው በቀላሉ አይወሰድም፤ በእህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል። እናቶቻችን ሊጡን ለቀናት ማቡካታቸው እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም በጅማ ዙሪያ በየአጥሩ የሚበቅለውን ዘይቱን መብላትም በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱ እንዲወሰድ ያግዛል።

ከዚያ ደግሞ ቡናው አለ። ጅማ ውስጥ ምሳ ያለ ቡና ምሳ አይባልም፤ ትሪው ገና ሳይነሣ ጀበናው ከከሰሉ ላይ ይወርዳል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ አቦል ይቀዳል። ማንም ሰው ይህን ልማድ እንዲተው አልመክርም፤ ራሴም አልተውም። ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው አንድ ሲኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ የሚወሰደውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሶታል፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ቅነሳው አልታየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ የነበረው ቅነሳ ግን ከምግቡ ጋር ከተጠጣው አልተለየም። ሥጋ ለሚያዘወትር ሰው ይህ ያን ያህል ላያሳስበው ይችላል። በዓመት 180 ቀን ከጥሉላት ለሚታቀብ፣ በተለይም ለነፍሰ ጡርና ደም ለሚያንሳት ሴት ግን የቡናው ሰዓት ከብዙ ስሞች ይልቅ ይመለከታታል። የጾሙ ሰዓት እስካለፈ ድረስ ቡናውን ከምሳ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጠጣት ወይም ከምሳው አርቆ አሥር ሰዓት አካባቢ መጠጣት ጾሙንም አይነካም፣ ቡናውንም አያስቀርም። ሌላው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ውጤቶች ነው። ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ በፍስክ ወራት ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ጾመኛ ብዙም አይጎዳም። አደጋው በጾም ቀርቶ በፍስክም ቢሆን እነዚህን ለማያገኝ ሰው ነው።

ይህ ሰው በስሞቹ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት እንዳላት ይገመታል፤ በአፍሪካ በከብት ብዛት ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ሆኖም አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት በአማካይ የሚደርሰው ሥጋ ከ10 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን፣ የአንድ አሜሪካዊ ድርሻ ከ100 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ከጅማ ወጣ ብለን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ብንሄድ፣ በዒድ ወይም በፋሲካ፣ በሠርግ ወይም በተዝካር ካልሆነ በቀር ሥጋ የማይቀምስ፣ ዘወትር የበቆሎ ቂጣ በጎመን ወይም ጎደሬ ቀቅሎ የሚበላ ቤተሰብ እናገኛለን። በአመጋገቡ ከማንም ይልቅ ከፊል አትክልት ተመጋቢ የሚባለው ይህ ቤተሰብ ነው። ግን ማንም እንዲያ ብሎ አይጠራውም፤ እሱም ራሱን አይጠራም፤ ምክንያቱም ስሙ ለመተው ምርጫ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ወተቱን ሸጦ ዘይትና ጨው የሚገዛ ገበሬ ወተት «የተወ» አይደለም።

ሥጋን መቀነስ የሚያበረታታው ዓለም አቀፍ ምክር መነሻው እውነተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ የእንስሳት እርባታም ለምድር መሞቅ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢት-ላንሴት ኮሚሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ስብስብ ለዓለም ሕዝብ ያቀረበው አመጋገብም በይዘቱ የፍሌክሲቴሪያን ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ያው ሰነድ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ያሉ ሕፃናት ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሊጨመርላቸው እንጂ ሊቀነስባቸው እንደማይገባ ያስረዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ስለዚህ «ሥጋ ቀንሱ» የሚለውን ምክር፣ ቁርጥ በሳምንት ሦስት ቀን የሚቆርጠውን የከተማ ባለሀብትና እንቁላል በወር አንድ ጊዜ የሚያገኘውን የገጠር ሕፃን ሳይለዩ በአንድ ስም አሽጎ ማምጣት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ጉዳት አለው።

በዚህ ምክንያት በጤና ትምህርትም ሆነ በምግብ ቤት «ምን ዓይነት ተመጋቢ ነህ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላህ?» የሚለው ይሻላል እላለሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ሲያጠኑም የሚጠይቁት እንዲህ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት የአሜሪካ ጥናት ስሙንና ምግቡን ለያይቶ ያሳየውም በዚሁ ጥያቄ ነበር። የጅማ ምግብ ቤቶችም በዝርዝራቸው ላይ «የጾም» እና «የፍስክ» ከሚሉት ሁለት ዓምዶች ሥር ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ቢጽፉ፣ ጾመኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ወተት የማይስማማው በሽተኛም፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣትም ስማቸውን ሳይናገሩ የሚፈልጉትን ያገኙ ነበር። ወጪው የጥቂት መስመር ቀለም ነው።

በቤት ውስጥ ግን ነገሩ ከቀለም ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትንና ሕሙማንን በጾም አታስገድድም፤ ይህን የማያውቅ እናት የለችም ማለት ይቻላል። ሆኖም በጾም ወራት ሕፃናት እንቁላልና ወተት የሚያጡት ተከልክለው ሳይሆን ቤተሰቡ የሚጾምበት ድስትና መጥበሻ በጥሉላት እንዳይነካ ስለሚፈራ ነው። እናትየው ለልጁ እንቁላል ብትጠብስ መጥበሻውን፣ ማንኪያውን፣ እጇን ማጠብ አለባት፤ ለአንድ ሕፃን ተብሎ ወጥ ቤቱ በሙሉ ሊረክስ ነው ብላ ትሰጋለች፤ ስለዚህ ልጁ የቤቱን ሽሮ አብሮ ይበላል። እዚህ ላይ ምንም ዓይነት ስም፣ የአገር ውስጥም የውጭም፣ አይረዳትም።

መንደራ ሰፈር የምትኖር ጎረቤቴ ይህን በራሷ መንገድ ፈትታዋለች። ኦርቶዶክስ ናት፤ በግቢዋ ካከራየቻቸው ክፍሎች በአንዱ ሙስሊም ተማሪዎች ይኖራሉ፤ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ አላት። ረቡዕ ጠዋት ስገባ ከወጥ ቤቷ ደጅ ላይ፣ ከሌላው ዕቃ ተለይታ በሚስማር የተሰቀለች እጀታዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ መጥበሻ አውርዳ፣ በረንዳው ላይ ባለው ከሰል ላይ እንቁላል ትጠብስ ነበር። ሲበስል በትንሽ ማንኪያ እየቆረሰች ልጁን አበላችው፤ መጥበሻዋንም ለብቻዋ በተቀመጠች ሳፋ አጥባ መልሳ ሰቀለቻት። ዓይኔን ተከትላ «ይህቺ የማሙሽ ናት» አለችኝ፤ «እሷ ጾም አታውቅም።»